ጥርሱን ከመንካትሽ በፊት ቅጠሉን ሰብስቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናትሽ በደጋው ካለ አንድ ጥንታዊ መቃብር የወጡ የሰው ጥርሶች አሉሽ። በስትሮንቲየም አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አተሞች) መርምረሽ ሰዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው ወይስ ከሌላ አገር የመጡ ብለሽ መለየት ትፈልጊያለሽ። ስንት ጥርስ እንደሚያስፈልግሽ ጠይቀሻል፤ ቤተሰቦችሽም «ስትሮንቲየም ጨረር አለው» ብለው እንደሰጉ ጽፈሻል። እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁት በድንጋይና በምንጭ ውኃ በኩል ነው፤ በኋላ ከአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ጋር ስሠራ ጥርስም በእጄ አልፏል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በቤተሰቦችሽ ስጋት ልጀምር፤ አጭር መልስ አለው። በድንጋይ፣ በአፈር፣ በጤፍና በጥርስ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ስትሮንቲየም 84፣ 86፣ 87 እና 88 የሚባሉ አራት አይሶቶፖች አሉት፤ አራቱም የተረጋጉ ናቸው፣ ጨረር አያወጡም። የሚያስፈራው ስትሮንቲየም 90 ነው። እርሱ የሚፈጠረው ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ሲሰነጠቅ ሲሆን ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ወደ ሌላ ለመለወጥ የሚወስድበት ጊዜ) ወደ 29 ዓመት ገደማ ነው። የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ይሞከር በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሐኪሟ ሉዊዝ ሪስ የመራችው ጥናት ከሕፃናት የወለቁ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ የወተት ጥርሶችን ሰብስቦ ይህንኑ ስትሮንቲየም 90 ለክቷል። ያንቺ ጥናትና ያ ጥናት የሚጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውነት ስትሮንቲየምን ከካልሲየም አጥርቶ ስለማይለይ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በመቃብር ጥርስሽ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር የለም። የሚያስፈልግሽ ጥንቃቄ ናሙናው ከሚሟሟበት አሲድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሩቢዲየም 87 እጅግ ቀስ ብሎ፣ ወደ 50 ቢሊዮን ዓመት በሚጠጋ ግማሽ ዕድሜ፣ ወደ ስትሮንቲየም 87 ይለወጣል። ስለዚህ ዕድሜው የገፋና ሩቢዲየም የበዛበት ድንጋይ የ87 እና የ86 ጥምርታው ከፍ ይላል፤ ወጣትና ሩቢዲየም ያነሰው ድንጋይ ዝቅ ይላል። ድንጋዩ አፈር ይሆናል፣ አፈሩ ተክሉን ይመግባል፣ ተክሉ ሰውን። አተሞቹ ከባድ ስለሆኑ ጥምርታው በዚህ ጉዞ እምብዛም አይናወጥም፤ የሚፈጠረውም ትንሽ ለውጥ በስሌት ይታረማል። የጥርስ ሽፋን (ኢናሜል) በልጅነት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አይታደስም፤ ስለዚህ ሰውየው ያደገበትን መሬት ምልክት ይዞ ይቀራል። ይህን ሐሳብ ጆናታን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1985 ለአርኪዮሎጂ ካቀረበው ወዲህ ዘዴው በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል።

ተማሪዎች የሚሰናከሉት ከዚህ በኋላ ነው። መሣሪያው አምስትና ስድስት አኃዝ ድረስ የጠራ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም ጥርት ከማለቱ የተነሳ አድራሻ ይመስላል። አድራሻ ግን አይደለም። ስትሮንቲየም «ይህ ሰው ከዚህ አይደለም» ሊልሽ ይችላል፤ «ከዚያ ነው» ሲልሽ ግን ብቻውን አትመኚው፤ አንድ ቁጥር ብዙ አገር አለውና። «ከዚህ አይደለም» ለማለትም ቢሆን «ይህ ቦታ» ስንት እንደሆነ አስቀድመሽ ማወቅ አለብሽ። ስለዚህ የጥናትሽ ክብደት ያለው በጥርሶቹ ሳይሆን በመቃብሩ ዙሪያ ባለው መሬት ላይ ነው፤ የመሬቱን ቁጥር የሚነግርሽም በላዩ የበቀለው ቅጠል ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ደጋውን የሸፈነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባዛልት ጥምርታው በአብዛኛው በ0.704 አካባቢ ይገኛል። ይህ ዝቅተኛ ቁጥር ጠንካራ ምልክት ነው፤ በግብፅ ዴልታ የተከማቸውን ደለል የሚያጠኑ ሰዎች ከዓባይና ከተከዜ የወረደውን አፈር ከነጭ ዓባዩ የሚለዩት አንዱ በዚሁ ነው። በዓባይ ሸለቆና በመቀሌ ዙሪያ የሚገለጠው የጁራሲክ ዘመን የኖራ ድንጋይ የዚያን ጊዜውን የባሕር ውኃ ጥምርታ ይዞ ስለቀረ በ0.707 አካባቢ ነው። የዛሬው ባሕር 0.7092 ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ቀላል ይመስላል።

አስቸጋሪው ከባዛልቱና ከኖራ ድንጋዩ ሥር ያለው እጅግ ጥንታዊ መሠረት ድንጋይ ነው። መጻሕፍት «ጥንታዊ ድንጋይ ከፍተኛ ቁጥር አለው» ይላሉ፤ ብዙ ተማሪዎችም ይህን ይዘው በትግራይ ያለው ይህ ጥንታዊ (የፕሪካምብሪያን ዘመን) ድንጋይ ሁሉ ከባዛልቱ ርቆ ይገኛል ብለው ያስባሉ። አይደለም። የአረቢያ-ኑቢያ ጋሻ የሚባለው የሰሜኑ መሠረት ድንጋይ ጥንታዊ ቢሆንም ከምድር ውስጠኛው ክፍል በቀጥታ የወጣና ሩቢዲየሙ ያነሰ እሳተ ገሞራዊ ድንጋይ ይበዛበታል፤ ቁጥሩም በባዛልቱ አጠገብ ሊውል ይችላል። ግራናይቱ፣ እንዲሁም በደቡብና በምዕራብ ያለው ያረጀ ግናይስ (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ) ግን ከፍ ይላል። እንግዲህ ከእንዲህ ያለው የሰሜን መሬት ወደ ባዛልት ደጋ የመጣ ሰው በጥርሱ ላይ እንግድነቱ ላይታይ ይችላል። በውጤትሽ «ሁሉም የአካባቢው ተወላጆች ናቸው» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ይህን አስቢ፤ ማለት የምትችይው «እንግድነት አልታየም» ነው። ጥናትሽን በምትከላከዪበት ቀን መርማሪዎች የሚይዙሽ እዚህ ላይ ነው፤ መያዛቸውም ተገቢ ነው።

ሁለት ምሳሌዎች ልስጥሽ፤ ሁለቱንም ለማስተማር እጠቀምባቸዋለሁ።

አንደኛው ወደ እኛ የሚቀርበው ነው። የጥንት ግብፃውያን ፑንት ከሚሉት አገር ዕጣንና ዝንጀሮ ያስመጡ ነበር፤ ፑንት የት እንደነበረ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 ናትናኤል ዶሚኒና ባልደረቦቹ በግብፅ በሙሚነት የተቀበሩ ዝንጀሮዎችን ስትሮንቲየም ለክተው፣ በምሥራቅ አፍሪካና በደቡብ ዓረቢያ ከሚኖሩ የዛሬ ዝንጀሮዎች ጋር አስተያዩት። በብሪቲሽ ሙዚየም ያለ አንድ ዝንጀሮ በጥርሱ ሽፋን ከግብፅ ውጭ መወለዱ ታየ፤ በኋላ የተሠራው አካሉ ግን የግብፅን ምልክት ይዟል። የትውልድ ቦታውስ? የወጣው መልስ ኤርትራን፣ ኢትዮጵያን፣ ጅቡቲን፣ ከሶማሊያና ከየመንም ከፊሉን የሚያካትት ሰፊ ክልል ነው። ጥናቱን የማደንቀው ክልሉን ሰፊ አድርጎ ስለተወው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሌላ ቡድን ከሌላ የዝንጀሮ ሙሚ ዘረመል አውጥቶ መነሻውን ወደ ኤርትራ ጠረፍ፣ ወደ ጥንታዊው የአዱሊስ ወደብ አካባቢ አጠበበው። ስትሮንቲየሙ ትውልዳቸው ግብፅ እንዳልሆነ አሳየ፣ ዘረመሉ ቦታውን አቀረበ። ሌላ ምስክር ካለሽ አብረሽ አቅርቢ፦ የኦክስጅን አይሶቶፕ፣ የመቃብር ዕቃ፣ ከተገኘም ዘረመል።

ሁለተኛው ከዴንማርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በኤግትቬድ ከነልብሷ በኦክ ግንድ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የተገኘች ወጣት አለች፤ የተቀበረችው በ1370 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ካሪን ማርጋሪታ ፍራይና ባልደረቦቿ የጥርሷን፣ የፀጉሯን፣ የጥፍሯንና የልብሷን ስትሮንቲየም ለክተው ከዴንማርክ ውጭ፣ ምናልባትም ከደቡብ ጀርመን ጥቁር ጫካ አካባቢ የመጣች ናት አሉ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶምሰንና አንድሬያሰን የተባሉ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መነሻ ልኬቱን፣ ማለትም ጥርሷ የተነጻጸረበትን የመሬት ቁጥር፣ ጥያቄ ውስጥ አስገቡ። ገበሬዎች አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚበትኑት ኖራ የራሱን ስትሮንቲየም ይዞ ስለሚገባ፣ የዛሬው የእርሻ መሬት ውኃ የጥንቱን ዘመን ቁጥር አያሳይም አሉ፤ ኖራ ያልነካው መሬት ሲለካ ወጣቷ ከመቃብሯ ብዙም ሳትርቅ የኖረች ልትሆን ትችላለች። ፍራይና ባልደረቦቿ መልስ ሰጥተዋል፤ ክርክሩም ቀጥሏል። ማን ትክክል እንደሆነ መወሰን አይጠበቅብሽም። የጥርሷ ቁጥር ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነው። የሚያከራክራቸው የመሬቱ ቁጥር ነው።

ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። በደጋችን አሲዳማ አፈር ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ መበተን እየተስፋፋ ነው። የፎስፌት ማዳበሪያውም የራሱ ስትሮንቲየም አለው። በባዛልት መሬት ላይ፣ 0.707 ያለው ኖራ ከተበተነበት ማሳ ቅጠል ብትለቅሚ መነሻሽ ወደ ላይ ይሳባል፤ እውነተኛውን የአገሬው ተወላጅም እንግዳ ታደርጊዋለሽ። ስለዚህ ከእርሻ ራቂ። የእኛ ትልቁ ዕድል የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ማረሻና ማዳበሪያ ያልገባባቸው፣ አገር በቀል ዛፍ የቆመባቸው፣ በየአጥቢያው የሚገኙ። ለዚህ ሥራ ከእነርሱ የተሻለ መሬት አላየሁም። አስቀድመሽ የአጥቢያውን አለቃና ሽማግሌዎች አነጋግሪ፣ ለምን እንደሆነ አስረጂ፤ ከዛፉ እንጨት ሳይሆን ጥቂት ቅጠል ብቻ መሆኑን ሲሰሙ በደስታ ይፈቅዳሉ። ሥሩ ጠልቆ ከሚሄድ ዛፍም፣ ከቁጥቋጦም፣ ከሣርም ውሰጂ፤ ሥራቸው የተለያየ ጥልቀት ስለሚደርስ ቁጥራቸው ሊለያይ ይችላል። ደኑ በሌለበት የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የጅረት ውኃ ይረዳሉ፤ ከማሳ በላይ ካለው የጅረቱ ክፍል ቅጂ። ውኃውን በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጣርተሽ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በጥቂት የጠራ ናይትሪክ አሲድ አቆዪው። ድንጋይ ፈጭቶ መለካት ብቻውን አይበቃም፤ የድንጋዩ ማዕድናት እኩል ስለማይፈርሱ ተክሉ የሚያገኘው ከድንጋዩ አማካይ የተለየ ነው።

የምግቡንም ነገር አትርሺ። ስትሮንቲየም ካልሲየም ወዳለበት ይሄዳልና በጥርስ ላይ የሚከብደው ሥጋ ሳይሆን እህልና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ጤፍ ደግሞ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ጨውስ? በጓቴማላው ቲካል ሎሪ ራይት የነዋሪዎቹ ጥርስ ከአካባቢው መሬት ከፍ ማለቱን አይታ ምክንያቱ ከባሕር የመጣ ጨው ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2005 አሳይታለች። የእኛ ደጋ ለዘመናት ከአፋር በግመል የወጣ አሞሌ ሲበላ ኖሯል፤ ያም ጨው ከባሕር ውኃ የተረፈ ነው። ስለዚህ የጥርሶችሽ ቁጥር በሙሉ ከቅጠሎቹ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ሕዝብ ፈለሰ ከማለትሽ በፊት የገበያውን መንገድ ተመልከቺ። አሞሌውንም ራሱን አስለኪው።

ስለ ጥርሱ ሥራ። ከሽፋኑ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይበቃሻል። ላይኛውን ገጽ ጥረጊና ጣይው፤ ከሥሩ ያለውን ንጹሑን ሽፋን ውሰጂ፣ ከዴንቲኑ (ከሽፋኑ ሥር ካለው የጥርስ አካል) ጋር እንዳይቀላቀል ተጠንቀቂ። ዴንቲንና አጥንት በመቃብር ውስጥ የአፈሩን ውኃ ይጠጣሉ። እኔ ግን ከየጥርሱ ጥቂት ዴንቲን ለብቻው አስለካለሁ፦ ሽፋኑና ዴንቲኑ ቢለያዩ፣ ሽፋኑ የራሱን ምልክት እንደጠበቀ ጥሩ ማስረጃ ነው። ናሙናው በናይትሪክ አሲድ ሟሙቶ ስትሮንቲየሙ ከካልሲየሙና ከሩቢዲየሙ በሬዚን ዓምድ ይለያል፤ ሩቢዲየም 87 ከቀረ ስትሮንቲየም 87ን መስሎ ቁጥሩን ያበላሻል። ላቦራቶሪው ኤን ቢ ኤስ 987 የሚባለውን መደበኛ ናሙና ስንት እንደለካው ጠይቂ፤ በ0.71025 አጠገብ መሆን አለበት። በሌዘር እንለካልሽ ቢሉሽ፣ ፈጣን ነው፣ ጥርሱንም እምብዛም አይጎዳም፤ ነገር ግን ከጥርሱ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ከኦክስጅን የሚፈጠር ሞለኪውል ክብደቱ ልክ 87 ስለሆነ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ለመጀመሪያ ጥናት በፈሳሽ የሚሠራውን እመርጣለሁ።

ስንት ጥርስ ላልሽው፦ ገንዘብሽ ውስን ከሆነ ጥርሱን ቀንሺ፣ ቅጠሉን አትቀንሺ። ከብዙ ሰዎች አንድ አንድ ከምትወስጂም፣ ከጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውንና ሦስተኛውን መንጋጋ ጥርስ ውሰጂ። የመጀመሪያው ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ሦስተኛው ከሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጀምሮ እስከ አሥራዎቹ አጋማሽ ይሠራል። ሁለቱ ቢለያዩ ያ ሰው በልጅነቱ ቦታ ቀይሯል ወይም ምግቡ ተለውጧል፤ ይህ ለብቻው የሚነገር ግኝት ነው። ቅርስ ስለሆነም ከቅርስ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ሳትይዢ ናሙና አትቁረጪ፣ ወደ ውጭም አትላኪ፤ ከመቁረጥሽ በፊት እያንዳንዱን ጥርስ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሺ፣ ቅጂም በጂፕሰም አስቀሪ።

መቃብሩ በየትኛው ድንጋይ ላይ እንዳለ፣ በእጅሽም ስንተኛ መንጋጋዎች እንዳሉ ብትጽፊልኝ ቅጠሉ ከየት ከየት ቢለቀም እንደሚሻል በካርታ አብረን እናያለን።