ካዝናውን ሳትለካ ቀለህ አትምረጥ

ወንድሜ፣ የአጭር አክሽን፣ ማለትም አጭር ጥይት ብቻ የሚያመላልስ፣ ጠመንጃህ በርሜል አልቋል። አዲሱን ለዋይልድካት፣ ማለትም ፋብሪካ ለማይሠራው ጥይት፣ ላስቆርጠው ወይ? የቱንስ ልምረጥ? ብለሃል። የምታድነው መካከለኛ አውሬ ነው፤ ርቀቱም ከ300 ሜትር አያልፍም። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼበታለሁ። በአንዱ ተቃጥያለሁ፤ ሌላውን ዛሬም ይዤው እወጣለሁ።

የተቃጠልኩበት .284 ዊንቸስተር የሚባለውን ጥይት ቀለህ አንገት ወደ .25 አሳንሼ ነው፤ ቁጥሮቹ የአረሩ ውፍረት በኢንች ገደማ ናቸው። ሲያስቡት ያምራል። ቀለሁ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ባሩድ ይይዛል። ግርጌው ደግሞ ከተለመደው .308 ዊንቸስተር ጥይት ጋር እኩል ነው፤ መቀርቀሪያውን መቀየር አያስፈልግም። ጉዱ የመጣው ካዝናው ላይ ነው። ባዶው ቀለህ ብቻውን 55 ሚሊሜትር ይረዝማል። የእኔ ካዝና የሚቀበለው ሙሉ ጥይት 71 ገደማ ነበር። ከቀለሁ አፍ ወጥቶ ለሚታየው የአረር ክፍል የሚተርፈው 16 ብቻ ነው። ረጅም አረር ስከትበት ወደ ውስጥ ይቀበራል። ትልቅ ቀለህ የመረጥኩት ለባሩድ ቦታ ብዬ ነበር፤ ቦታውን አረሩ ወሰደው! ሳልቀብረው ስቀር ደግሞ ካዝናው አይውጠውም፤ አንድ በአንድ በእጅ ማጉረስ ነው። አውሬ ፊትህ ቆሞ እስኪ ሞክረው።

ሁለተኛው ያው .25 አረር በ.308 ቀለህ ላይ ነው። ቀለሁ 51 ሚሊሜትር ነው፤ ለአረሩ 20 ይተርፋል። አራት ሚሊሜትር ቀልድ ትመስላለች፣ ግን ሁሉን የለወጠችው እሷ ናት።

መጀመሪያ ላይ አንገቱን ከ.308 አጠብበው ነበር። ሲጠብ ግድግዳው ይወፍራል። የወፈረ አንገት ማረፊያው፣ ማለትም በርሜሉ ውስጥ ጥይቱ የሚገባበት ቦታ፣ ውስጥ ከተጣበቀና አረሩን እንደ ልብ ካለቀቀ፣ ግፊቱ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዙሪያውን መላጥ። አሰልቺ ሥራ! የ.243ን ቀለህ አንገት ትንሽ ማስፋት እንደሚበቃ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። አንድ ቀን ጓደኛዬ ከእኔ ሳጥን አንስቶ የራሱን .308 አጎረሰ። ግርጌው ላይ የተጻፈው .308 ነው፤ ምን ያድርግ? መቀርቀሪያውም ያለ ችግር ተዘጋለት። ምላጩን ሳይስብ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖቼን በቀይ ቀለም እጽፍባቸዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ጥይት ጋርም አላስቀምጣቸውም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ላንተ አደን ዋይልድካት አያስፈልግም። 7 ሚሊሜትር-08 እና .260 ሬሚንግተን ከ.308 ቀለህ የወጡ ናቸው፤ ሬሚንግተን የመጀመሪያውን በ1980፣ ሁለተኛውን በ1997 እ.ኤ.አ. በፋብሪካ ሠርቶ ማቅረብ ጀመረ። እስከ 300 ሜትር ሁለቱም ይበቁሃል። ጥይት ሲያልቅብህም ገዝተህ ትቀጥላለህ። ጥይት በቤት መሙላት የማትወድ ከሆነ እዚሁ አቁም።

ልቤ አልተወውም ካልክ ግን አረሩን አስቀድመህ ምረጥ። ከዚያ ባሩድም፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ካፕሱልም የሌለው አንድ ጥይት ሠርተህ ካዝናህ ውስጥ ሞክር። ሳይነካካ ከተመላለሰ፣ እሱኑ ለጠመንጃ ሠሪው ስጠውና ማረፊያውን በእሱ ልክ ይቁረጥልህ።