ጦሳን በየትኛው ወር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ስለምውል እሑድ እሑድ ተራራ መውጣት ልጀምር አስቤአለሁ። እናቴም ካልሄድኩ ብላለች፤ ዕድሜዋ ከስድሳ አልፏል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ጓደኞቼ በቀጥታ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ እንውጣ ይላሉ። ከየት ልጀምር? ክረምት ሲገባስ ላቋርጥ?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጦሳ የትም አይሄድም። መጀመሪያ እናትሽን ይዘሽ ሐይቅ ከተማ ሂጂ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከኮምቦልቻ እምብዛም ስለማይበልጥ ትንፋሽ አያሳጥርም። በሐይቁ ውኃ ዳር ሜዳ ሜዳውን ስትሄዱ፣ እናትሽ በደከማቸው ቦታ አረፍ ብለው መመለስ ይችላሉ። እዚያው ወዳለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ግን ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው፤ ለመሳለም ተዘጋጅተው ደጅ ላይ ሲደርሱ ቢያዝኑ ደስ አይለኝም።

እግርሽ ሲፈታ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ከፍ በዪ። የአርዲቦ ውኃ ወደ ሐይቅ የሚወርድ ስለሆነ ከታችኛው ወደ ላይኛው መውጣት ራሱ ጥሩ ልምምድ ነው። ፀሐይ በምትበረታባቸው ወራት ደግሞ የጎፍ ደን አለልሽ፤ የጽድ ጥላ ያለበት ዳገት ከገላጣው ጋር አንድ አይደለም።

ጦሳን ለጥቅምትና ለኅዳር አቆዪው። ክረምቱ አቧራውን ከአየሩ አጥቦ ሄዷል፣ መሬቱም ጠጥሯል። ከላይ ሆነሽ ስታዪ ደሴ ከእግርሽ ሥር፣ አዝዋ ገደል ከፊት ለፊትሽ ነው። እኔ በሌላ ወር ያየሁትን ከዚህ አልቆጥረውም። ነገር ግን አንቺ የኮምቦልቻ ሰው ነሽ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በመኪና ስትወጪ ብቻ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳትራመጂ፣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብለሻል። ስለዚህ ደሴ ደርሰሽ ሻይ ጠጪ፣ ትንሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ በዝግታ ጀምሪ። እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ኮምቦልቻን በሸሚዝ የለቀቀ ሰው ጦሳ ላይ ጋቢ ያምረዋል። በኅዳር ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ፀሐይዋ ሣሩን እስክታደርቅ ጠብቂ።

ክረምቱን አታቋርጪ፣ ቦታውን ለውጪ እንጂ። በሐምሌና በነሐሴ ከዳገት ራቂ ስል ስለ ጭቃው ብቻ አይደለም። የደሴ ዙሪያ ተዳፋት መሬት መንሸራተት የሚያውቀው ነው። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት ወይም ቀድሞ ቀጥ ብሎ የነበረ፣ አሁን ወደ ቁልቁለት ያዘነበለ ዛፍ ካየሽ፣ ፎቶግራፍ ልነሣ ሳትዪ ተመለሺ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ በጠዋት ሜዳ ላይ ተራመጂና ወደ ቤትሽ ግቢ። የቦርከና ወንዝ ደፍርሶ ሲወርድ ደግሞ ጥልቀቱን በእግርሽ ለመለካት እንዳትሞክሪ። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፣ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ ከማንም በላይ የምሰማው የሚያርሰውን ገበሬ ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በየጠዋቱ የምሮጥ ወጣት ነኝ። ጦሳ ቀሎኛል። ከባድ የሚባል መንገድ ይጠቁሙኝ።
(ከደሴ)

መልስ፦ ቦረና ሳይንት ሂድ፣ የደንቆሮ ደን ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጣ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ አልፈህ ጅባራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መካከል ትገባለህ። ጭላዳ ታያለህ፤ ከታደልክ ቀይ ቀበሮም ታገኛለህ። ሲገጥምህ ቁም፣ አትከተለው፣ ምግብም አትጣልለት። ከውሻ በሚተላለፍ በሽታ የሚያልቅ እንስሳ ነውና ውሻ ይዘህ እንዳትሄድ አደራ።

በየጠዋቱ መሮጥህ ከከፍታ ሕመም አያድንህም። እንዲያውም የሚታመመው ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ተማምኖ የሚፈጥነው ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አታሳድገው። ራስህን ካመመህና ካቅለሸለሸህ ከዚያ በላይ አትውጣ፤ ካልተሻለህ ውረድ። ብቻህን አትሂድ። የመንገዱን ጸጥታ በተነሣህበት ሳምንት ከወረዳው ሰዎች ጠይቅ፤ አትሂድ ካሉህ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆየው።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት ስወርድ የእግር ጣቶቼ ጥፍር ይጠቁራል። ጫማዬ ጠቦኝ ነው?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጠቦህ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ስለላላ ነው። እግርህ ወደፊት እየተንሸራተተ ጥፍርህ የጫማውን አፍንጫ ይመታል። ከመነሣትህ በፊት ባለው ምሽት ጥፍርህን በአጭሩ ቁረጥ። መውረድ ከመጀመርህ በፊት ተቀመጥ፣ ተረከዝህን ወደ ኋላ ገፋ አድርግ፣ ከዚያ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚትህ ጋ አጥብቀህ እሰር። ካልሲህ ወፍራም ይሁን። ዱላ ያዝ፣ እርምጃህንም አሳጥር። ጫማ የምትገዛ ከሆነም እግር አበጥ በሚልበት በማታ ሰዓት፣ ያንኑ ወፍራም ካልሲ አድርገህ ለካው።