ጠላት ሲጠፋ ጓደኝነቱስ?

ልጆቼ፣

ቢሮዬ ለልምምድ የመጣ አንድ የሕግ ተማሪ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» የሚባለውን ፊልም አይቶ ኖሯል። «ጋሼ፣ ኮሎኔሉ ለምን ጥሎት ሄደ? አብረው ቢሠሩ ምን ነበረበት?» አለኝ። አጭር መልስ ሰጥቼ ሸኘሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ላላያችሁት፣ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1965 እ.ኤ.አ. የሠራው የካውቦይ ፊልም ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ቢሆንም አብዛኛው የተቀረጸው ስፔን፣ አልሜሪያ አካባቢ ነው። ክሊንት ኢስትውድና ሊ ቫን ክሊፍ ሽፍታ እያደኑ በሽልማቱ የሚኖሩ ሰዎች ሆነው ይሠራሉ። ኢንዲዮ የሚባለውን ሽፍታ ለመያዝ ይሻረካሉ። ወጣቱ፣ ኢስትውድ፣ የሚፈልገው ገንዘቡን ነው። ኮሎኔሉ፣ ቫን ክሊፍ፣ ግን የመጣው የእህቱን ደም ሊመልስ ነው።

እኔ ይህን ፊልም ያየሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ከልብ ጓደኛዬ ጋር፣ ሲኒማ ራስ ነው። አክተሩ ሽጉጥ ሲመዝ ፉጨቱ ጣራ ይነካ ነበር። የኢንዲዮ የኪስ ሰዓት ዜማ ሲጀምር ግን አዳራሹ ሁሉ ጸጥ! ዜማውን የሠራው ኤንዮ ሞሪኮኔ ከሊዮኔ ጋር ሮም ውስጥ በልጅነት አንድ ክፍል ተምሯል። እናንተ ዛሬ በስልክ፣ ያውም እያሳለፋችሁ ታያላችሁ። የሊዮኔን ፊልም እያሳለፉ ማየት አለማየት ነው።

ጓደኛዬ ያን ቀን እስከ ቤቱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አባቱ ሲሞት አጎቱ ቤታቸውን ወስዶ እናቱን ከነልጆቿ አስወጥቷታል። ሕግ ያጠናውም ለዚህ ነበር። እኔም ከጎኑ ቆምኩ። ማታ ማታ ሰነድ እያገላበጥን እናመሻለን። ማን ይመስክር? ቀጠሮው መቼ ነው? አጎትየው ምን አለ? ሌላ ወሬ አልነበረንም። ስለ ሴት ልጅ እንኳ አውርተን አናውቅም።

በመጨረሻ ረታ። አጎቱ ቁልፉን ሲያስረክብ እዚያው ነበርኩ። ቁልፉ በጥቁር የጫማ ክር ታስሯል፤ የሽማግሌው እጅ ይንቀጠቀጣል። ደስ አለኝ። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ቂም አትያዙ እያለ የሚመክር ሰው እንዲህ ማለቱ ላይጥማችሁ ይችላል። ግን የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እናቱ የግቢውን በር ስትሳለም አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬ አጣን። አንድ እሁድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ዝናቡ አወራን። ሂሳብ ከፈለና ሄደ። እየቆየ ስልኩም ቀረ። ውጭ አገር ወጣ ሲሉ ከሰው ሰማሁ። ጠብ የለ፣ ቅያሜ የለ። ይህ ነው የሚቆጨኝ። ብንጣላ ኖሮ ሽማግሌ ያስታርቀን ነበር። ለዚህ ግን ምን ሽማግሌ ይቀመጥለታል?

የፊልሙ ፍልሚያ ላይ ወጣቱ የራሱን ሽጉጥ ለኮሎኔሉ ያስታጥቅና ቁጭ ይላል። አይተኩስለትም፣ ተው ብሎም አይመክረውም። ማንም እንዳያጭበረብር ብቻ ይጠብቃል። ጓደኛ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። የዘንድሮ ልጆች ግን ጓደኛቸው ሲበደል ከባለቤቱ በላይ ይጋላሉ፤ እሱ ሳያውቅ ጉዳዩ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ይገኛል። ኮሎኔሉ ኢንዲዮን ከገደለ በኋላ ገንዘቡን በሙሉ ለወጣቱ ትቶ ይሄዳል። ያገናኛቸው ኢንዲዮ ነበር፤ ኢንዲዮ ሞተ። ለተማሪው ሳልነግረው የቀረሁት መልስ ይህ ነው።

ስለ ማስረጃና ስለ ይርጋ፣ ማለትም ስለ ክስ ማቅረቢያ የጊዜ ገደብ፣ ማንም ጠበቃ ይነግራችኋል። እኔ የምለምናችሁ ሌላ ነው። የተበደለ ጓደኛ ካላችሁ፣ በሳምንት አንድ ምሽት የባላጋራውን ስም ሳታነሱ አምሹ። ኳስ እዩ፤ ስለምትወዷት ልጅ ንገሩት። ቤቱ ስትሄዱም እናቱን ስለ ጤናዋ ጠይቋት፤ ስለ ክሱ እሷም ሰልችቷታል።