ፍሪጅ አለዎት ወይ ሳንል

ሰሞኑን ደሴ ላይ ቡና ስንጠጣ አንዲት ወጣት ነርስ፣ «ሲስተር፣ ለስኳር ታካሚዎች ትምህርት ስናዘጋጅ እነሱን ብንጠራ ምን ይጨምሩልናል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። አንድ የኮምቦልቻ ሰውዬ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ክትትል ክፍል ነበርኩ። የማስተምርበትን ወረቀት ያዘጋጀነው እኔና ባልደረቦቼ ነን፣ ሻይ እየጠጣን። «ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል» ይላል። እውነት ነው፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ፍሪጅ ያለው ማን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም።

የሰውዬው ስኳር በየቀጠሮው ይጨምራል። በሰው ፊት ተቆጣኋቸው፦ «ጣፋጭ አልተውም ብለው ነው!» «አብሽሪ ሲስተር» ብቻ አሉኝ። በሦስተኛው ቀጠሮ ብልቃጡን አስመጣሁ። ከፎጣቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። በመዳፌ ባሽከረክረው እንደ ወተት እኩል አልሆን አለ፤ ነጭ ነጩ እንደ እርጎ ተቋጥሮ ጠርሙሱ ላይ ተለጥፏል። ለካ ጎረቤት ሱቅ፣ ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶው ጎን ነበር የሚያስቀምጡት። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሠራ አለቀለት፤ ቢቀልጥም አይሆንም። ሰውዬው ያልኳቸውን ነበር ያደረጉት።

አግዳሚው ላይ የነበሩ አንዲት እናት፣ «እኔ በፌስታል ቋጥሬ ገንቦ ውስጥ አኖረዋለሁ፣ ገንቦውን እርጥብ አሸዋ ላይ። ብትጠይቁን እኮ እንነግራችሁ ነበር» አሉ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ጃኬት የሚወልቅበትን አገር ሙቀት፣ እኔ ከደሴ ብርድ ሆኜ ነበር የማስተምረው።

ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። አዲስ ብልቃጥ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ጋወን ለብሶ ይቅርታ ማለት ያኔ ነውር ይመስለን ነበር።

እናንተ ወጣቶቹ ደግሞ ማስተማሪያውን ከቴሌግራም ታወርዳላችሁ። ማሽላ እንጀራ ለሚበላ ሰው የብሮኮሊ ሥዕል! ግን ቢያንስ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ መች ጠይቀን እናውቃለን።

ስትጠሩ አንደበተ ርቱዑን ብቻ አትጥሩ። ፍሪጅ የሌለውን ጥሩ። ከሐኪም ደብቆ ረመዳንን የሚጾመውንም ጥሩ፣ ያውም ጾሙ ሳይገባ። ሁሉንም እሺ በሉ ማለቴ አይደለም። አንድ ሽማግሌ «መርፌው ይቅር፣ ስለ አብሽ አስተምሩ» ሲሉኝ እንቢ ብያለሁ። ዛሬም እንቢ ነው።

ልጅቷ፣ «ታዲያ ወረቀቱን ቀየራችሁት?» አለችኝ። ስለ ገንቦው አንድ መስመር በእስክርቢቶ ጨምረን ነበር። ፎቶ ኮፒው ግን አላወጣውም።