ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡላቸው

ልጆቼ፣

ለወፎች ቀለበት ሲታሰር ልታዩ በሌሊት ልትነሡ ነው አሉ። ደግ አደረጋችሁ። ሽማግሌ ዝም ብሎ አይሸኝምና ጥቂት ልበላችሁ።

መረቡ የሚዘረጋው ጎህ ሳይቀድ ነው። ክሩ ከመቅጠኑ የተነሣ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲቆም እናንተም አታዩትም። ከዚያ መጠበቅ ነው። በየ20 እና 30 ደቂቃው ሄዶ ማየት፤ አንዳንዴ ባዶ ነው። ዝናብ ከመጣ ወይ ነፋስ ከበረታ መረቡ ይዘጋል። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ብላችሁ አታኩርፉ።

ወፏ በጨርቅ ከረጢት ትመጣለች። ባለሙያው አንገቷን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መካከል አድርጎ በመዳፉ ይይዛታል። ቁጥር ያለበት ቀለበት ቅልጥሟ ላይ በልዩ ፒንሳ ይገጠማል። ክንፏ ይለካል፣ ትመዘናለች። ከዚያ የደረቷንና የሆዷን ላባ እፍ ብሎ ይገልጠዋል። ስብ ካላት ከቆዳዋ ሥር ቢጫ ሆኖ ይታያል። የጉዞ ስንቋ ነው። 10 ግራም የማትሞላ ፍጥረት በረሃ ልታቋርጥ ስንቅ ቋጥራ ሳይ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከሥራው ሁሉ ይቺን እፍታ እወዳታለሁ።

ሁላችሁም ወፍ ልያዝ፣ ፎቶ ልነሣ እንደምትሉ አውቃለሁ። መያዝ በፈቃድ ነው፤ ከአሠልጣኝ ጋር ብዙ ጊዜ ይፈጃል። እኔን ከሰማችሁኝ ግን መዝጋቢው አጠገብ ተቀመጡ።

እኔ ስጀምር የሰጡኝ እርሳስና መዝገብ ነበር። ሌላው ወፍ ይዟል፣ እኔ ጸሐፊ! ከፍቶኝ ነበር። አንድ ቀን ሌላ ቦታ ቀለበት የታሰረላት ወፍ መረባችን ውስጥ ገባች። ትናንሽ ወፎች ታስረው ከተለቀቁ በኋላ ሩቅ ቦታ የሚገኙት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በደስታ ተንጫጫ። የቀለበቷን ቁጥር ጠሩልኝ። በጫጫታው መሃል 3ን 8 አድርጌ ጻፍኩት። በኋላ ቁጥሩን ልከን መልሱ ሲመጣ ያ ቁጥር የሌላ ዓይነት ወፍ ሆነ። የእኛዋ ደግሞ ከሄደች ቆይታለች። ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ነገሩ እኮ የተጀመረው በቁጥር ነው። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 ወፎች እግር ላይ ቁጥርና አድራሻ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር ጀመረ። ያገኘ ሰው እንዲጽፍለት ነው።

ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ሚድዌይ በሚባል ደሴት ላይ ዊዝደም የምትባል አልባትሮስ፣ ትልቅ የባሕር ወፍ፣ አለች። የወፍ ተመራማሪው ቻንድለር ሮቢንስ ቀለበት ያሰረላት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ2002 ራሱ መልሶ ያዛት። በ2024 እንኳ እንቁላል ጥላለች። በመሃል ቀለበቷ አርጅቶ ተቀይሯል። ዕድሜዋ የታወቀው ቀለበቱ በተቀየረ ቁጥር አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር አያይዘው የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ማን እንደሆኑ የሚያወራላቸው የለም፤ እኔ ግን አስባቸዋለሁ።

ስለዚህ መዝገቡን ከሰጧችሁ፣ ወፏ ከእጅ ሳትወጣ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ መልሳችሁ አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከተለቀቀች በኋላ ይሁን። ሹራብም ያዙ፣ ጎህ ሲቀድ ይበርዳል።