መሣሪያው እዚህ ስለሌለ አትተዪው

ሰላም እህቴ። የአራተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ መሆንሽን፣ በፀሐይ ከባቢ አየር ያለውን የፕላዝማ (ኤሌክትሮኖች ከአተሞቹ የተላቀቁበት የጋለ ጋዝ) እንቅስቃሴ በአልትራቫዮሌት ብርሃን መለካት እንደምትፈልጊና «አገራችን መሣሪያው የላትም፤ ሌላ ምረጪ» መባልሽን ጽፈሽልኛል። በዚህ ምክር አልስማማም።

ይህን ጨረር የምድር አየር ስለሚውጠው እንጦጦ አናት ላይ ብትወጪም አታገኚውም። አሜሪካዊውም ጃፓናዊውም የሚሠራው ከሳተላይት በሚወርድ መረጃ ነው። ናሳ በ2013 እ.ኤ.አ. ያመጠቀው አይሪስ የተባለው የፀሐይ ሳተላይት ደግሞ መረጃውን ለማንም በነፃ ክፍት አድርጓል። ፋይሎቹ ግዙፍ ስለሆኑ ትንሹን መርጠሽ በግቢው ኢንተርኔት አውርጂ።

ፋይሉን ስትከፍቺ በጠባብ ስንጥቅ ያለፈ ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ተበትኖ ታያለሽ። ሦስት ኤሌክትሮን ያጣ ሲሊከን 139.4 ናኖሜትር አካባቢ ደማቅ መስመር አለው፤ የሚፈልቀውም 80,000 ኬልቪን ገደማ ከሚሞቅ ፕላዝማ ነው። መስመሩ 0.01 ናኖሜትር ወደ ረጅሙ ሞገድ ከተንሸራተተ ፕላዝማው በሰከንድ ከ21 ኪሎ ሜትር በላይ እየራቀን ነው። ቦታው የፀሐይ ገጽ መሃል ከሆነ፣ ወደ ታች እየወረደ ነው ማለት ነው።

ዋናው ፈተና «ከየት ተነስቶ ተንሸራተተ?» የሚለው ነው። ሳተላይቱ ሲዞር የመሣሪያው ሙቀት ስለሚለዋወጥ መስመሩ በራሱ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል። ስለዚህ ብዙም የማይንቀሳቀሱ የቀዝቃዛ አተሞችን መስመሮች መነሻ አድርጊ። ይህን ሳያጣሩ ስለ ፍጥነት የሚያወሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መምህራን የሚፈልጉት መነሻውን እንዴት እንዳገኘች የምታስረዳዋን ነው። የመስመሩን ስፋትም ተመልከቺ፤ ሙቀቱ ብቻ ከሚሰጠው በላይ ከሰፋ፣ በአንድ የእይታ መስመር ላይ የተለያየ ፍጥነት ያለው ፕላዝማ ተደራርቦ ሊሆን ይችላል።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዚሁ አድርጊው። ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ተማሪ፤ ለፀሐይ መረጃ የተዘጋጀውን ሰንፓይን ተለማመጂ፤ ከአንድ ጸጥ ያለ የፀሐይ ክፍል የፍጥነት ካርታ ሥሪ። ለማስተርስ አማካሪ የምትጽፊው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካርታውን አያይዢው። በዚህ ዘርፍ ያለው ቋሚ ሥራ ጥቂት መሆኑን ለቤተሰብሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። የመረጃ ትንተና ችሎታው ግን ለሜትዮሮሎጂም ለባንክም ይሆንሻል።

ካርታው ሲያልቅ ላኪልኝ፤ ለአማካሪዎቹ የምትልኪውን ደብዳቤ አብረን እናዘጋጃለን።