ቀጠሮ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቋት

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ደሴና ኮምቦልቻ ተመድባችሁ እናቶች ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ አዋላጆችና ነርሶች ነው የምጽፈው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት እዚያው ክፍል ነው። የምመክራችሁ ብዙ ነበር፤ አንዱን መረጥኩ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ ነፍሰ ጡር መድኃኒት ከጀመረች በኋላ እንዳትጠፋባችሁ።

ማስጀመሩ ዛሬ ቀሏል። በእኛ ጊዜ ምጥ ሲጀምራት ለእናትየው አንዲት የኔቪራፒን ኪኒን፣ ለሕፃኑ ጥቂት ሽሮፕ ነበር የምንሰጠው። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ ሲመጣ እንኳ ሲዲ ፎሯ፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉት የደም ሕዋሶቿ ቁጥር፣ እስኪወርድ የምትጠብቅ ብዙ ነበረች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 ነው፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወዲያው ትጀምር፣ ዕድሜ ልኳንም ትውሰድ የተባለው። አሁን በቀን አንድ ኪኒን ናት። ምንም ካልተደረገ ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ እያጠባችም ቢሆን፣ ከ5 በታች ማድረስ ይቻላል። ሳታቋርጥ የምትለዋ ላይ ነው ሥራው ሁሉ ያለው።

እስቲ ነገሩን ከእሷ በኩል እዩት። ጠዋት ለእርግዝና ክትትል ብላ ከቤት የወጣች ልጅ፣ ከሰዓት የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ምንም አላመማትም። ባሏ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ ስትገባ ብልቃጡ ቦርሳዋ ውስጥ ይንኳኳል። ሰው ሁሉ የሰማባት ይመስላታል። ስለዚህ ቤቷ ሳትደርስ ኪኒኑን በፌስታል ቋጥራ ብልቃጡን የምትጥል አለች። መድኃኒቱ ግን እርጥበት አይወድም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት የተቀመጠችው ለዚያ ነው። መፍትሔው ትንሽ ነገር ነው። ከላይ ጥጥ ጠቅጠቅ ሲደረግበት ድምፁ ይጠፋል። ጥጡን እናንተው አድርጉላትና አራግፋችሁ አሰሟት። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የምታዩትን ለውጥ በምንም የምክር ወረቀት አታገኙትም።

የመጀመሪያ ቀን ብዙ አትናገሩ፤ ጆሮዋ አይሰማም። ይልቅ ጠይቋት። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው? ስንደውል ስልኩን ማን ያነሳዋል? ሌላ ሰው ካነሳው ምን እንበል? «ስለ ክትባት ነው» በሉ ካለች እሱን ብቻ በሉ። ቤቷ መሄድ ግድ ከሆነም ጋውን ለብሳችሁ፣ በጤና ጣቢያው መኪና እንዳትሄዱ። የእኛ ሰፈር ሰው «ምን ሆና ነው?» ማለት ይወዳል። ባልሽን ካላመጣሽ ብላችሁም አታስጨንቋት። ስትነግረው ሊመታት፣ ከቤት ሊያስወጣት ይችል እንደሆነ መጀመሪያ እወቁ። የምትችል ከሆነች አብረው ይመርመሩ፤ ውጤቱን አብረው እንዲሰሙ አድርጉ።

ከሁሉ በላይ ግን ይህችን አትርሱ፦ የት ነው የምትወልጂው?

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ልጅ ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ወረባቦ ሊሆን ይችላል፣ ተንታ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነማ የእናት ቤት የማይቀር ነው። መዝገባችሁ ላይ «ጠፋች» ተብሎ ይጻፋል። እሷ ግን አራስ ቤት ተኝታ ገንፎ እየበላች ነው። መድኃኒቷ አልቋል፤ ለማን ትናገር? እናቷም አያውቁ። ስለዚህ በሰባተኛው ወር የዝውውር ወረቀቷን ጻፉላት። እዚያ ላለው ጤና ጣቢያ ራሳችሁ ደውሉና የምታገኛትን አዋላጅ ስም ንገሯት። ቤት ብትወልድ እንኳ የሕፃኑ ሽሮፕ እንደማይቀር አስረዷት። የ45 ቀኑ ክትባት ደግሞ ትልቅ ዕድል ነው። አራስ ልጇን ለክትባት ይዛ ስትወጣ ማንም ምን ነካት አይልም። ቫይረሱ እንዳለበት ለማየት ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ የሚወሰደውም በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ላይ ቅጠሩላት።

አራስ ቤት ሌላም ጣጣ አለ። አያት ሕፃኑን ቅቤ ላልስ፣ ውሃ ላቅምስ ይላሉ። እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው። ይህን ከእሷ አፍ ከሚሰሙት ከእናንተ ቢሰሙት ይሻላል፤ ለሁሉም ሕፃን የሚባል ነውና ምስጢሯ አይወጣም።

ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ለነፍሰ ጡር የብረት ኪኒን እንሰጣለን። በቀን ከምትወስደው ኪኒን ውስጥ ካለው ዶሉቴግራቪር ከሚባለው መድኃኒት ጋር በባዶ ሆድ ከዋጠችው መድኃኒቱ በደንብ አይሰርጽም። ሁለቱንም ከምግብ ጋር ትውሰድ፤ አለዚያ መድኃኒቷን አስቀድማ፣ ብረቱን ቢያንስ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ነፍሰ ጡር ባትጾምም ይፈቀድላታል፤ ግን ረመዳንን ልጹም የምትል ብዙ ናት። ከእሷ ጋር አትከራከሩ፣ ካፈጠረች በኋላ ትዋጠው። ጸበል የምትሄደዋንም እንደዚሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጸበሉም መድኃኒቱም አይጣሉም ብለው በይፋ መክረዋል፤ ይህን ንገሯት። አንዱን ምረጪ ከተባለች ጸበሉን ነው የምትመርጠው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ሰውም ተሰደደ። መድኃኒቱ በእጇ ያለቀባት እናት የትም ነበረች። ከዚያ ጊዜ የያዝኩት ልማድ አለ። እያንዳንዷ እናት የምትወስደውን መድኃኒት ስምና የጀመረችበትን ቀን በቃሏ ትወቅ። ካርድ ይቃጠላል። በቃሏ የምታውቅ ሴት የትኛውም ከተማ ብትደርስ ሕክምናዋን ትቀጥላለች።

ጠፍታ የተመለሰች ስትመጣ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ «የት ነበርሽ?» አትበሏት። እስክትመጣ ድረስ ስንት ቀን ከራሷ ጋር ስትሟገት እንደቆየች አታውቁም። «አብሽሪ፣ እንኳን መጣሽ» በሏት። መድኃኒቷን ያን ቀኑኑ ይዛ ትሂድ። የቫይረስ መጠን ምርመራዋን አስተካክሉላት፤ ምን እንዳስቀራት በቀስታ ትነግራችኋለች። ክፍሉ ውስጥ መካሪ እናት ካለች እሷ ጋ አስቀምጧት። ቫይረሱ በደሟ እያለ ነፃ ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት አጠገቧ ተቀምጣ የልጇን ፎቶ ስታሳያት፣ የእኛ የአንድ ሰዓት ንግግር ያልሠራውን ትሠራለች።

ሕፃኑ በ18 ወሩ የመጨረሻውን ምርመራ አድርጎ ነፃ ሲባል ክፍሉ በእልልታ ይሞላል፤ እናንተም እልል በሉ። ግን ብዙ እናት «ልጄ ተርፏል» ብላ የራሷን መድኃኒት የምታቆመው ያን ሰሞን ነው። ከእናንተ ክፍል ወደ ኤአርቲ ክሊኒክ፣ ወደ ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና ክፍሉ፣ የምትዛወረውም ያኔ ነው። ወረቀት ሰጥታችሁ ብቻ አትላኳት። አብራችኋት ሂዱ፣ ከሚቀበላት ነርስ ጋር አስተዋውቋት፣ ቀጠሮዋ መያዙን በዓይናችሁ አይታችሁ ተመለሱ።